ያልተወለደው ባላንጣዬ

ጭራሽ ባልተወለደ ሰው ቀንቻለሁ ብል አንዳችሁም እንደማታምኑኝ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ቀንቻለሁ፣ ያውም እንቅልፍ እስከማጣ፣ ያውም እስከ ዛሬ።

ትናንት ምን አለሽ ተራ ቆርቆሮ ልገዛ ሄጄ፣ በኪሎ ሊሸጥ ከተከመረ አሮጌ ወረቀት መሀል ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ዝገት ዝገት የሚሸት መጽሐፍ አነሳሁና ሁለት መስመር ሳነብ ጆሮዬ ጋለ። እሱ ነው፣ ባላንጣዬ ያለበት መጽሐፍ።

ነገሩ ሲጀመር አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። አባቴ ከበርሜል የከሰል ምድጃ ይሠራል፣ እኔም ትምህርቴን ጥዬ መዶሻ ጨብጬ አጠገቡ እቀጠቅጣለሁ፤ ሳልዋሽ፣ እኔ የሠራሁት ምድጃ ላይ ውሃው እሳት ሳይነድ ይፈላ ነበር። አማኑኤል ሠፈር፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ካለው ባለ ብረት በር ግቢ፣ ሰባተኛ በሚባለው የገበያ ሠፈር ጨርቅ በጅምላ የሚያከፋፍሉት ጋሼ ደሳለኝ ይኖራሉ፤ ምሕረት የሳቸው ልጅ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በራቸው ላይ ካለው ድንጋይ ቁጭ ትልና፣ ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ተከራይታ የምታነበውን የፍቅር ልብወለድ ትተርክልኛለች። የመጽሐፉ ሰውዬ የፈረንጅ ባለ ርስት ነው፤ ሰው ሰላም ሲለው ከፈረሱ አይወርድም፣ ጓንቱን አያወልቅም፤ የአንድ ድሃ ልብስ ሰፊን ልጅ ወዶ፣ ኩራቱ አላስነግር ብሎት፣ ግማሹን መጽሐፍ ሙሉ ይዘጋታል። ምሕረት ስለዚያ ዝምታ ስታወራ ድምጿ ይቀጥናል፤ እኔ ጥላሸት የጠጣ እጄን ከጀርባዬ ደብቄ በቅናት እነድዳለሁ። የሠፈር ልጅ ቢሆን መንገድ ላይ ጠብቄ በቡጢ እለው ነበር፣ ይሄንን የት አግኝቼው?

መጨረሻውን ሳልሰማ ወሰንኩ። የምትወደው ዝምታ ከሆነ እኔም ኮራሁ፤ እሷንም አባቷንም ሰላምታ ነሳኋቸው። ፈረስ ስለሌለኝ የቆርቆሮ ጋሪ እየገፋሁ፣ አገጬን ሰቅዬ ሳልፍ፣ ሁለቴ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተላትሜያለሁ።

በኛ ሠፈር ግን ጋሼ ደሳለኝን የሚያህል ሰው ሰላም ሳይሉ ማለፍ ስድነት እንጂ ኩራት አይባልም። አባቴ ሰምቶ አፈረና፣ እሁድ ጠዋት በኔ ስም ይቅርታ እንዲጠይቁ በጋሼ ወልዴ መሪነት ሦስት ሽማግሌ ላከ። እንግዲህ ሴት ልጅ ለአቅመ ሔዋን በደረሰችበት ቤት፣ ሦስት ሽማግሌ በነጭ ጋቢ ተሰልፎ ሲገባ ለምን መጣችሁ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሽማግሌዎቹ ገና ሳይቀመጡ ጋሼ ደሳለኝ ልጄን ለምድጃ ቀጥቃጭ አልሰጥም አሏቸው፤ እነሱም ደንግጠው የመጡበትን ይቅርታ እንኳ ሳይጠይቁ ወጡ። ሳልለምን ተከለከልኩ።

በማግስቱ ምሕረት ሥራ ቦታችን ድረስ መጣች።

«እኔን ዘግተህ አባቴ ጋ ሽማግሌ ትልካለህ?» አለች። «እሱ እንኳ መጨረሻ ላይ ከፈረሱ ወርዶ ራሱ ነው የጠየቃት።»

አልላክሁም፣ ግን አሁን ራሴ ልጠይቅሽ ማለት ነበረብኝ። ቅናቱ ቀደመኝ።

«እንግዲያው እሱን አግቢ» አልኳት።

እጄን ትንሽ አየችውና ሄደች። በዓመቱ አንድ አስመጪ አገባች።

ከዚያ ወዲያ ነው መጽሐፉን ተከራይቼ ያነበብኩት፤ ያለ አስተማሪ ማንበብ ያስለመደኝ እሱ ነው፣ ዛሬ በመጽሐፍ የሚረታኝ ሱቅ ነጋዴ የለም። ሰውዬው ከፈረሱ ወርዶ ሲጠይቃት ለካ እጁ ይንቀጠቀጣል። ይሄን ቀድሜ ብሰማ፣ በመንቀጥቀጥ ማን ይበልጠኝ ነበር?

አሁን ግቢው ፈርሶ ፎቅ ሆኗል፣ እኔም ጭንቅላቴ ተመልጧል። በባሏ አልቀናም፤ ቦርጩ ቀድሞት ይመጣል፣ ሰላምም እንባባላለን። ያኛው ግን ዛሬም ወጣት ነው፣ ጥርሱ አልወለቀም፣ በገለጥኩት ቁጥር ያቺው ገጽ ላይ ይጠይቃታል፣ በገለጥኩት ቁጥር እሺ ትለዋለች።

ካላመናችሁኝ ጋሼ ወልዴ አሁንም አሉ፤ አማኑኤል ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ፀሐይ ሲሞቁ ታገኟቸዋላችሁ፣ ያቺን እሁድ ለምን እንደሄዱ ጠይቋቸው። ምሕረትም ሱቋ ሰባተኛ ነው፣ ሂዱና ጠይቋት። ብቻ እኔ እንደላክኋችሁ እንዳትነግሯት፤ ዛሬም ራሱ መምጣት አቃተው ትላለች።