ዳግኒ ለአጓቱ እጇን ያወጣች ዕለት

በቬስተርቢ መንደር የዳግኒ ስም ከተነሣ ሁሉም የሚለው አንድ ነገር ነበር፦ «ዳግኒ ሰው አታስቸግርም።» በምዕራብ ዩትላንድ፣ ነፋሱ ዛፉን ሁሉ ወደ ምሥራቅ አጉብጦ በሚያሳድግበት አገር፣ ከዚህ የሚበልጥ ሙገሳ የለም። ጣት የሚያስቆረጥም ምግብ በልተው እንኳ «ክፉ አይደለም» ብለው ዝም የሚሉ ሰዎች ናቸው። ይህችን ሙገሳ ግን እኔ አልወዳትም። ሴትዮዋን ጉድ የሠራቻት እሷው ናትና።

ዳግኒ ከባሏ ከኤጎንና ከወንድሟ ከቪጎ ጋር ከአይብ ፋብሪካው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ትኖር ነበር። ቪጎ ሲወለድ ምጡ ጠንቶ ታፍኖ ስለ ነበር፣ ሰውነቱ ሲያድግ አእምሮው ልጅ እንደ ሆነ ቀርቷል። እናታቸው ልትሞት ስታጣጥር ለዳግኒ «ቪጎን ለሰው እንዳትሰጪብኝ» አለቻት። ዳግኒም «አልሰጥም» አለች። ኤጎን ያገባትም ይህን እያወቀ ነው። «እኔ እኮ ሁለት ሰው ነው ያገባሁት፤ አንዷ ታኮርፋለች፣ አንዱ ያንኮራፋል» እያለ ይቀልድ ነበር።

ኑሯቸው አሳማ ነው። አሳማ ሲባል አፍንጫውን የሚይዝ ይያዝ፤ በዚያ አገር ልጅ የሚዳረውም ጣሪያ የሚለወጠውም በአሳማ ነው። አሳማው ደግሞ የሚያድገው በአጓት ነበር። ፋብሪካው የገበሬዎቹ የራሳቸው ማኅበር ስለ ሆነ፣ ወተት የሚያስገባ አባል ሁሉ አይቡ ከወጣ በኋላ ከሚተርፈው አጓት የመውሰድ መብት ነበረው። ከአያቶቻቸው ጀምሮ የኖረ ደንብ ነው። ላም ያበዙት ትልልቆቹ ገበሬዎች አሳማ እርባታውን ስለ ተዉት ድርሻቸውን አይወስዱም፤ እንደ ዳግኒ ጥቂት ላምና ብዙ አሳማ ያላቸው ግን ጎጇቸው የቆመችው በእሱው ነበር።

ጠዋት የአጓቱ ቦቴ ሲመጣ የሚቀበለው ቪጎ ነው። ቱቦውን ያያይዛል፣ ቧንቧውን ይከፍታል፣ ለብ ያለው አጓት ወደየገንዳው ሲወርድ ከእናት አሳማዎቹ ጋር እያወራ ይከተለዋል። ስም የሚያወጣላቸውም እሱ ነው፤ ሁሉንም በመንደሩ ወይዛዝርት ስም ነበር የጠራቸው። በጣም ለሰባችው የቄሱ ሚስት ስም ደረሳት። የቄሱ ሚስት ይህን ሰምታ መጣችና አሳማዋን ትክ ብላ አየቻት። «ከእኔ ትሻላለች፤ ቢያንስ ዝም ትላለች» አለች። ቪጎ በደስታ ምሳውን ረሳ። ሌላ ሥራ አያውቅም፣ ሌላም አይፈልግም።

ኤጎን የሞተው አጨዳ ሊጀመር ሲል ነው፤ ጋጣው በር ላይ ልቡ ቀጥ አለ። ቀብሩ በተፈጸመ ማግስት ዳግኒ በኮምባይነር ድምፅ ነቃች። ጎረቤቶቿ ሳይጠሩ መጥተው ገብሷን እያጨዱ ነበር፤ ከፊት ያለው የማኅበሩ ሊቀመንበር ኦሉፍ ነው። ሲጨርሱ ቡናቸውን እንደ ቆሙ ጠጡ፣ ስለ ዝናቡ ጥቂት ተናገሩና ሄዱ። «እንዲህ አደረግንልሽ» ያላት የለም። ባይሏትም ውለታው ከበዳት። ከዚያ ወዲህ ኦሉፍ ፊት ቀና ብላ መናገር አቃታት።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ማኅበሩ አንድ ኢንጂነር አመጣ። ሰውዬው ነጭ ዱቄት በጠርሙስ ይዞ በየቤቱ ዞረ። አጓቱ ተጣርቶ ከደረቀ ዱቄት ይሆናል፤ ለሕፃናት ወተት፣ ለበሽተኛ፣ ለስፖርተኛ ይሸጣል። ከዚያ የሚቀረው እጣቢ እንኳ ከእበትና ከቄራ ጥራጊ ጋር ታሽጎ ሲብላላ ጋዝ ይወጣዋል፤ በጋዙም ከተማው ክረምቱን ይሞቃል። አንዲት ጠብታ አትባክንም፣ አላቸው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ነገሩ ሞኝነት አልነበረም። ማንም ያልወሰደው አጓት ወንዝ ይደፋ ስለ ነበር፣ ሙቀት በመጣ ቁጥር ዓሣው ተገልብጦ ይንሳፈፋል፣ ሽታውም ቅዳሴ መሐል ይገባል። ኢንጂነሩ አልዋሸም። የቪጎን ነገር ግን አያውቅም፤ ማንስ ይነግረዋል?

ዳግኒ ታውቃለች። አጓቱ ከቀረ መኖ መግዛት ሊኖርባት ነው፤ መኖ እየገዛች ደግሞ አሳማው አያዋጣትም። አሳማው ከሄደ ቤቱ መሸጡ አይቀርም። ታዲያ ያን ትልቅ ሰውዬ ይዛ የት ትገባለች? ከተማ ውስጥ እንደሱ ያሉ ሰዎች የሚኖሩበት ቤት እንዳለ ሰምታለች። ሥዕል ያስቀቧቸዋል አሉ። 

ነገሩ የሚወሰነው በአባላቱ ስብሰባ ነበር፤ በቬስተርቢ ግን ቅሬታ ያለው ሰው ስብሰባ ላይ አይናገርም። አስቀድሞ በጓዳ በር ይገባና ለሊቀመንበሩ ይነግረዋል፤ አዳራሽ ውስጥ «እንቢ» ማለት ጎረቤትን በአደባባይ እንደ መስደብ ይቆጠራል። ዳግኒም እንደ ደንቡ ኦሉፍ ኩሽና ሄደች።

«ስለ አጓቱ ነበር» አለችው።

«ተቀመጪ እንጂ።»

«አልቀመጥም፣ ቪጎ ብቻውን ነው። እኔና እነ አክሰል፣ በአጓት አሳማ የምናረባው ትንንሾቹ፣ ምን ሊውጠን ነው?»

«እናንተን ምን ይነካችኋል? አሳማዎችሽ ምን ያህል ይጠጣሉ፣ ከዚያ ሁሉ ባሕር አንዲት ጭልፋ። ለትንንሾቹ እናስቀራለን።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እኔ እኮ ነኝ የምልሽ።»

«እንግዲያው ስብሰባው ላይ በለው፣ ሁሉም ይስማ።»

«ዳግኒ፣ እዚያ አንዱ ካነሣ ሁሉም የየራሱን ያነሣል፣ ነገሩ ይተበተብብናል። በኔ ጣይው።»

የኦሉፍ ሚስት ለቪጎ ብላ ኬክ ጠቅልላ ሰጠቻት። ዳግኒ ኬኩን ይዛ ወጣች። ሆዷ ግን አላመነም፤ ስብሰባው ላይ እጇን ላታወጣ ወሰነች።

መወሰኗ ከንቱ አልነበረም። የፋብሪካውን ነገር ለመለወጥ ከሦስት እጅ ሁለቱ ድምፅ ያስፈልጋል፤ መቶ ላም ያለውም አምስት ያለውም ድምፁ እኩል ነው። አጓት የሚወስዱት ደግሞ ከግማሽ በላይ ነበሩ። አብረው እጃቸውን አጣጥፈው ቢቀመጡ ነገሩ ያልቅለት ነበር። ግን አንዳቸውም ለሌላው አልተነፈሱም። ጎረቤትን ለአድማ መጥራት እንዴት ተደርጎ?

የስብሰባው ዕለት አዳራሹ ሞላ። ዳግኒ መካከል ላይ ተቀመጠች፤ አክሰል ከኋላዋ ነበር። ኢንጂነሩ ተናገረ፣ ኦሉፍ ተናገረ፤ ስለ ትንንሾቹ ድርሻ ግን ትንፍሽ ያለ የለም። ከዚያ ኦሉፍ «የምትደግፉ እጃችሁን» አለ። የፊት ወንበሮቹ ወዲያው አወጡ። ከመካከልና ከኋላ ግን እጅ አልወጣም። አንድ ሰው ሳለ።

ኦሉፍ አዳራሹን ቃኘና ዓይኑ ዳግኒ ላይ ዐረፈ። አላስፈራራትም፤ እንዲያውም ፊቱ የዋህ ነበር፣ ያን ጠዋት ገብሷን ሲያጭድ እንደ ነበረው። ጆሮዋ ጋለ። ሁሉም የሚያያት መሰላት። ብቻዋን እንቢ ያለችው ባልቴት፣ ውለታ የማታውቀው፣ ስትባል ታያት። ይሉኝታ ሰውን እንዲህ ነው የሚበላው፤ ድምፁ አይሰማም። ዳግኒ እጇን አወጣች። ከኋላዋ የጃኬት ኮሽታ ሰማች፣ ብዙ ኮሽታ። አንገቷን አቀርቅራ ስለ ነበር ዞር ብላ አላየችም።

ኦሉፍ «አመሰግናለሁ፤ መልካም ነው» አለ። ቡናና ዳቦ ቀረበ።

ማድረቂያው ተሠራ። መጀመሪያ ላይ እንደ ተባለው አጓቱ ይመጣ ነበር። ከዚያ በየሁለት ቀኑ ሆነ። ከዚያ ሲመጣም ውሃ ውሃ የሚል፣ ፍሬው የወጣለት ሆነ፤ እሱም ቀረ። ዳግኒ እንደ ገና ኦሉፍ ኩሽና ገባች።

«ማሽኑ ሁሉንም ይፈልጋል» አላት። «በግማሽ ሆዱ ከሠራ ኪሳራ ነው። እኔ መሐንዲስ አይደለሁ፣ ይህን የት ዐውቄ?»

«ቃል ሰጥተኸኝ ነበር።»

«ኩሽና ውስጥ ተነጋገርን እንጂ ማኅበሩ መቼ ወሰነ? ደግሞ አንቺም እኮ እጅሽን አውጥተሻል፣ ዳግኒ።»

እውነቱን ነው። እንዲህ ያለ እውነት በጥፊ ከመመታት ይብሳል። ባርኔጣዋን አስተካክላ ወጣች።

መኖ እየገዛች ጥቂት ታገለች፤ ውሃ በወንፊት ሆነባት። ዘመኑም ዕዳ ያለበትን ገበሬ የሚያራግፍ ዘመን ነበር። አሳማዎቹን ሊወስድ የጭነት መኪና በመጣ ዕለት ቪጎን የቄሱ ሚስት ቤት ሰደደችው። ሲመለስ ጋጣው ባዶ ነው። አላለቀሰም። በማግስቱ ጠዋት እንደ ወትሮው ቧንቧውን ከፈተ፣ ባዶውን ገንዳ ለገንዳ ሄደ፣ ስማቸውን ጠራ፣ ዘጋና ገባ። በየቀኑ እንዲሁ። ኋላ ቧንቧውን ትቶ አስፋልቱ ላይ እየወጣ ወደ ፋብሪካው የሚሄዱትን ቦቴዎች በእጁ ማስቆም ጀመረ። አንዱ ሹፌር ሊገጨው ለጥቂት ነው የተረፈው። ሹፌሩ ለማዘጋጃ ቤቱ ነገረ፤ አንዲት ደግ ወጣት ሴት መጥታ ቡና ጠጣችና «ለራሱ ደኅንነት» አለች። ዳግኒ ልጅቷን ማስቸገር አልፈለገችም። ቪጎ ከተማ ገባ፤ ሥዕል ወደሚያስቀቡበት ቤት።

ከዚያም የጋዝ ማብላያው ተመረቀ። ባንዲራ ተሰቀለ፣ የከተማው ሹም መጣ፣ ኦሉፍ ንግግር አደረገ። የአካባቢው እበት፣ የቄራው ጥራጊ፣ የአጓቱ እጣቢ፣ ሁሉም እዚያ ተብላልቶ ቤት እንደሚያሞቅ ተናገረ። ዳግኒም ተጠርታ ነበር። ከጋዙ በኋላ የሚቀረውን ፈሳሽ የሚያጠራቅሙት የአሳማዎቹ እበት ይገባበት የነበረውን የእሷን ጉድጓድ ተከራይተው ስለ ነበር ነው፤ ሌላ የቀራት ነገር አልነበረም። ዳር ቆማ ኬክ ይዛ ሳለች አክሰል መጣ። እሱም አሳማዎቹን ከሸጠ ቆይቷል፤ አሁን ቦቴ ይነዳል።

«ቪጎ እንዴት ነው?» አላት።

«ክፉ አይደለም።»

አክሰል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር ልንገርሽ እላለሁ፣ ሁልጊዜ ይቀራል። ያን ዕለት እኔ እጄን ላላወጣ ነበር የመጣሁት።»

ዳግኒ ቀና ብላ አየችው።

«እኔ ብቻ አይደለሁም። ታገም፣ ስቬንም፣ ኋላ የነበርነው ሁላችንም። በኋላ ነው የተነጋገርነው። ሁላችንም ያንቺን እጅ ነበር የምናየው።»

«የኔን ለምን?»

«ካንቺ በላይ በአጓት የሚኖር ማን ነበር? ቪጎ እያለ ዳግኒ ካወጣች፣ ኦሉፍ የሆነ ነገር አረጋግጦላት ነው፣ አልን። ካልሆነማ አታወጣም፣ አልን።»

«ታዲያ ከኋላዬ ተቀምጠህ ትከሻዬን ነካ አድርገህ አትጠይቀኝም?»

«እዚያ ሁሉ ሰው መሐል?» አለ አክሰል፣ የምር ገርሞት። «ሰው ምን ይላል?»

ዳግኒ ኬኩን አጠገቧ ያለ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ልትጮህ አምሯት ነበር፤ በኦሉፍ ላይ፣ በአክሰል ላይ፣ ከሁሉ በላይ በዚያች ቀኝ እጇ ላይ። እናቷን ያስካደቻት እሷ ነበረች፣ ያንን መንደር ሁሉ ይዛ ገደል የገባችውም እሷ። የከተማው ሹም ገና እየተናገረ ስለ ነበር ግን ማንንም ሳትረብሽ በሰዎቹ ጀርባ ዞራ ወጣችና አውቶቡስ ያዘች።

የቪጎ ክፍል ሞቃት ነበር። ስትገባ እንደ ሁልጊዜው ተነሣ፣ ካፖርቱን ከመስቀያው አውርዶ ለበሰ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈና በሩ አጠገብ ቆመ።

«ቪጎ፣ እኔ ነኝ» አለችው። «እኔ ነኝ እጄን ያወጣሁት። እንቢ ብል ኖሮ ሁሉም እንቢ ይሉ ነበር። ቤታችን ነበርን።»

ቪጎ ከንግግሯ «ቤታችን» የምትለዋን ሰማ። ፊቱ በራ፤ ባርኔጣውንም ደፋ።

«እሺ» አላት። «እንሂድ።»

ዳግኒ ባርኔጣውን ከራሱ ላይ አነሣች። ከዚያ ካፖርቱን ከላይ ጀምራ ትፈታለት ጀመር። እሱም አላስቸገራትም።