የዚያ ኅዳር ዋጋ

ኑ ወዲህ ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ያለፈው ኅዳር፣ ማሽላው ታጭዶ አውድማ ሲገባ የገጠመኝን ላውጋችሁ።

ባሌ ሰዒድ ከአንድ ኩባንያ የገዛት አክሲዮን ነበረችው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በኅዳር ታሞ፣ "እሷን ሽጠን ደሴ ሄጄ ልታከም" ቢለኝ፣ እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። እኛ ቆቦዎች በአጨዳ ሰሞን ማሽላ አንሸጥም፤ ዋጋው የሚወጣ ክረምት ሲመጣ ነው። አክሲዮኗንም እንደ ማሽላ ቆጠርኳት። "ሐምሌ ድረስ ታገሥ" አልኩት። ሐምሌን አላየም።

እና ያለፈው ኅዳር ተከራዬ መምህርት ሰላም የአክሲዮን የድሮ ዋጋ በስልክ እንደሚታይ ስትነግረኝ፣ "እስቲ የዛሬ ሁለት ዓመቱን ኅዳር አሳይኝ" አልኳት። ዋጋው ያኔ ዝቅ ብሎ ከሆነ፣ ቢሸጥም ለሕክምናው አይበቃውም ነበር ብዬ ልቤን ላሳርፍ ነው።

"እማማ፣ የአንድ ወር ዋጋ ብቻውን ምን ይነግርዎታል? ከሌሎቹ ዓመታት ጋር ነው የሚታየው" ብላ ስልኩ ላይ የዋጋውን መስመር በጣቷ ተከተለች። ድንገት ሳቀች።

"ውይ! ከሁሉም ከፍ ያለው ያን ኅዳር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወርዷል። ያኔ የሸጠ ሰው ታድሎ!"

"አልሐምዱሊላህ" አልኩ።

ሰላም ወደ ጎብዬ ከተማ ተዛውራለች፤ ምን እንዳለችኝ ዛሬም አታውቅም። አክሲዮኗ ሳትሸጥ ሳጥኔ ውስጥ አለች። ሰዒድም መስጊዱ አጠገብ ተቀብሯል፤ አላህ ይዘንለት።