ማሽላው የጨረሰው አየር

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ሳገባ ለአማቴ፣ ለባሌ አባት፣ ድምፄን ማሰማት ነውር ነበር። ሲጠሩኝ ብቅ እላለሁ፣ ሲያዙኝ እሠራለሁ፤ አፌ ግን አይከፈትም። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለች ጨዋ ሙሽራ!» ይለኛል። ለእኔ እስር ቤት ነበር።

የፎገራ ሜዳ በክረምት ውሃ ስለሚተኛበት የማሽላ ጉድጓዳችን የተቆፈረው ከወረታ በላይ፣ ተረተሩ ላይ ነው። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ። የሚገባበት ቀጭን ሰው ነው፤ ከቤቱ ደግሞ ቀጭኗ እኔ ነኝ። ጉድጓድ ከተከፈተ በኋላ አየር እንዲገባው ክፍቱን ያድራል። የዚያን ቀን ግን ደቦ ተጠርቶ እህል አጥሮ ስለነበር ቸኮልን። አማቴ ጭድ ለኩሰው ቢወረውሩ እታች ሳይደርስ ጠፋ። «እርጥበቱ ነው» አሉና ወገቤን በገመድ አስረው አወረዱኝ።

ማሽላው ይሞቃል። ጥቂት እንደዛቅሁ ጉልበቴ ከዳኝ። ደረቴ ይነፋል፣ የሚገባ ነገር ግን የለም።

«አለሽ ወይ?» አሉ ከላይ።

ዝም አልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ አለሽ ወይ?»

አሁንም ዝም። እሳቸውም ጨዋነቴ መስሏቸው ገመዱን ይዘው ቆሙ። እኔ እየሞትኩ ነው፣ እሳቸው በአስተዳደጌ ይረካሉ!

ነገሩ የገባኝ ዘግይቼ ትምህርት ቤት ስገባ ነው። እህል ሕይወት ስላለው ይተነፍሳል፤ እርጥበት ሲነካው ይብስበታል። በታፈነ ጉድጓድ ኦክስጅኑን ጨርሶ የተቃጠለውን ከባድ አየር ይተዋል። የሰው ገላም በየሕዋሱ ምግቡን የሚያነደው በኦክስጅን ነው። ሲያጣ ያለ እሱ ጥቂት ይፍጨረጨራል፣ የሚያገኘው ጉልበት ግን ቁንጥር ያህል ነው፤ ጡንቻም ይዝላል። እርሾ በዚያች ቁንጥር መኖር ይችላል፤ ጠላ ጋን ውስጥ ታፍኖም ይፈላል። እኔ ግን እርሾ አይደለሁም።

በቀረችኝ ትንፋሽ «አባቴ፣ ያውጡኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ጎትተው አወጡኝ። አፈሩ ላይ ተዘርሬ አየር ስስብ አማቴ ገመዱን ከወገቤ ፈቱ። የባሌ እናት ከቤት እየሮጡ መጡና «ምነው ልጄ፣ ቀስ ብለሽ ብትጠሪ! ጎረቤት ሰማ እኮ» አሉኝ።

ማታ ሁለቱ ተማከሩ። ከእንግዲህ አማቴ ሲጠሩኝ እንድመልስ ተፈቀደልኝ፤ ጉድጓድ ውስጥ ስሆን ብቻ።