ሰው ያለበት ቤት

ባለፈው ሳምንት ትልቋ ልጄ ኮምቦልቻ ላይ አዲስ ቤት ስለገባች እንኳን ደስ ያለሽ ልላት ወርጄ ነበር። ዕቃው ገና ከማዳበሪያ አልወጣም። መሬት ላይ ተቀምጠን ሙዝ እየላጥን ሳለ በሩ ተንኳኳ። ማንም አፉን ሳይከፍት እኔ "አለን፤ ሰው አለ" ብዬ ጮህኩ። የልጅ ልጆቼ ተንከተከቱ። አንደኛው "እማማ፣ ማን የለም አለሽ?" አለኝ። አብሬው ሳቅሁ።

ይህ አመሌ የመጣው በደርግ ጊዜ ነው። እኔ የኩታበር ገበሬ ልጅ ነኝ፤ ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ ሰይድን አገባሁ። ዓይን አፋር ነበርኩ። ገበያ ወጥቼ እንኳ የበርበሬ ዋጋ የማስጠይቀው በሌላ ሰው አፍ ነበር። ሰይድ ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። የተከራየናት ክፍል ቆርቆሮዋ ከቀትር በኋላ አያስቀምጥም፤ ማታ ደግሞ የወባ ትንኝ አለ። የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ ሰይድ እንቅልፍ አጣ። "ይህችን ክፍል ለቀን ደሴ እንውጣ፤ ብርዱ ይሻልሻል" ይለኝ ጀመር።

ደሴ ላይ ቤት የሸጡልን እትዬ ሩቅያ የሚባሉ የነጋዴ ባልቴት ናቸው። ሁለት ቤታቸው በትርፍ ቤት አዋጁ ተወርሶ የቀረቻቸው ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ያለችው ብቻ ነበረች። እሷንም ሸጠው ወደ ልጃቸው ሄዱ። ስሙ ግን ገና አልዞረልንም፤ በቀበሌው መዝገብ ላይ ቤቱ እንደ ድሮው የእሳቸው ነበር። ሰይድ "ዛሬ ነገ ይዞርልናል" ይላል። ያን ጊዜ ባዶ የተገኘ ቤት ቀበሌው ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ሕፃን ልጅም ያውቃል።

በሰኔ መጨረሻ አልጋችንንና ሁለት ጆንያ እህል በጭነት መኪና ጭነን ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጣን። እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ሆዴን በሁለት እጄ እይዛለሁ። እላይ ስንደርስ ጉሙ መኪናውን ዋጠው፤ ሰይድ ኮቱን አውልቆ አለበሰኝ። ቤቷ ሁለት ክፍል ነበረች። የፊት በሯ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ወፍራም ሳንቃ ነው፤ ከውጭ ይቆለፍ ከውስጥ ይዘጋ አያስታውቅም። በጓሮ በኩል አንድ ትንሽ መስኮት አለች። ወለሉ እርጥበት እርጥበት ይሸታል። እኔ ግን ግድግዳውን በመዳፌ እየነካሁ ዞርኩ።

ሰይድ እሑድ ማታ ወደ ሥራው ሲመለስ "አብሽሪ፣ ዘሀራ። ቅዳሜ እመጣለሁ። እስከዚያ ቤቱን ባዶ እንዳትተይው" አለኝ። የበኩር ልጅ በእናት ቤት ነውና የሚወለደው፣ እሱ ሲመጣ እናቴ ወደ ኩታበር ልትወስደኝ ተነጋግረን ነበር። ጊዜ ያለን መስሎናል።

ሰኞ በሩ ተንኳኳ። የወንዶች ድምፅ ነው። እናቴ ስትድረኝ "ባልሽ በሌለበት ለወንድ ድምፅ አትመልሺ" ብላኛለች፤ አገሩም እንደዚያው ነው። ደግሞም ያን ጊዜ ተሰብስበው በር የሚያንኳኩ ወንዶች ሰው ይዘው ይሄዱ ነበር። ሰይድን ፈልገው ነው ብዬ ትንፋሼን ዋጥኩ። ሄዱ። ረቡዕም መጡ፤ አሁንም ዝም አልኩ። ከሁለት ቀን በፊት ዝም ብዬ ዛሬ ብናገር፣ ያን ጊዜ ለምን ተደበቅሽ ይሉኛል ብዬ የባሰ ፈራሁ።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ወገቤን የሆነ ነገር ጨመቀኝ። ብርዱ ነው አልኩ። እየሄደ እየተመለሰ አረፈደ። የነጠላዬን ጫፍ ነክሼ በሩ ሥር ተንበርክኬ ሳለሁ ለሦስተኛ ጊዜ ተንኳኳ።

"ሰው የለበትም፣ ጓድ። ሦስተኛ መምጣታችን ነው።"

"አሮጊቷ ጥላው ሄዳለች ማለት ነው። እሸጉት። ነገ ቤት ሲጠብቅ የነበረው ባለተራ ይገባበታል።"

ለካ የቀበሌው ሰዎች ናቸው። አንድ ክንድ ብቻ ነበር የሚያራርቀን። አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ አልወጣም። ብሩሹ ሳንቃው ላይ ሲፋተግ ሰማሁ፤ የዱቄት ሙጫው ሸተተኝ፤ እግራቸው ራቀ። በስንጥቁ የሚገባው ብርሃን ነጭ ሆነ። ወረቀት ነው። የማህተሙ ክብ ከጀርባው ይታየኝ ነበር። በሩ በእኔ እጅ ይከፈታል፤ ብከፍተው ግን ወረቀቱ ይቀደዳል። ወረቀት ከቁልፍ ይበልጥ የሚዘጋበት ጊዜ ነበር።

ምጥ መሆኑን እንኳ ያሰብኩት ኋላ ነው። መጀመሪያ ያሰብኩት ሰይድን ነው። ቅዳሜ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ወረቀቱን ሲያነብ ታየኝ። ቤታችንን በዝምታዬ አስወሰድኩት።

ከጎረቤታችን ከእትዬ መዲና ጋር አጥራችን አንድ ነው። ከገበያ ሲመለሱ ወረቀቱን አይተው በጓሮ ዞሩ።

"አንቺ ልጅ፣ እዚያ ነሽ?" አሉ በመስኮቷ።

"አለሁ።"

"ታዲያ አለሁ ማለት ለእኔ ነው የሚቀልሽ?"

አለቀስኩ። ወገቤን እንደያዝኩ ሲያዩኝ ድምፃቸው ተለወጠ። "ቀድደን እንውጣ" አልኳቸው። "ወረቀቱን እንዳትነኪው። የላይ ሰፈሩ ባለሱቅ እሽግ ቀዶ ገብቶ ዛሬም ሚስቱ እስር ቤት ስንቅ ታመላልሳለች" አሉኝ። ቀበሌ ሮጠው ሄዱ። እሸጉት ያለው ሊቀመንበር ለስብሰባ ኮምቦልቻ ወርዷል፤ እሱ ካልመጣ እሽግ የሚነካ የለም ብሎ ዘበኛው መለሳቸው።

እትዬ መዲና ስድሳ ያለፋቸው ሴት ናቸው። ቀሚሳቸውን በመቀነታቸው ሸብ አድርገው ድንጋይ ላይ ወጡና እኔ ከነሆዴ በማላልፍባት መስኮት ገቡ። ግማሽ ላይ ተቀርቅረው "ሳቂ አይዞሽ፤ የአገሬ የቦሩ ሜዳ ፍየል አጥር ላይ እንዲህ ናት" አሉኝ። አልሳቅሁም። እሳቸው ውኃ ያሞቃሉ፣ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ወገቤን ያሻሉ። እኔ ነጠላዬን ነክሻለሁ። መንገደኛ ሰምቶ፣ ከታሸገ ቤት ድምፅ ወጣ ብሎ እንዳይናገር።

"ጩሂ እንጂ ልጄ። ምጥ በሹክሹክታ አይሆንም።"

አልቻልኩም። እናቴ ቤት ብሆን ኖሮ የሚይዙኝ ሴቶች ክፍሉን ይሞሉት ነበር። እሞታለሁ ብዬ አሰብኩ፤ ከታሸገ ቤት ሬሳ በየት በኩል እንደሚወጣም አሰብኩ። ከቀትር በኋላ፣ የዐስር ሰላት ሲቃረብ ልጄ ወጣች፤ እንደ ወጣችም ጮኸች። አፏን በእጄ ልሸፍን ስል እትዬ መዲና እጄን መቱኝ። "ተያት። አንቺ ያቃተሽን ትበለው።"

ገንፎው በመስኮት ገባ፤ ቅቤውም በመስኮት።

ዓርብ ጠዋት ሰዎቹ መጡ። የጋሪ ድምፅም ነበር፤ ባለተራው ዕቃውን ይዞ መጥቷል። ልጄ ታለቅሳለች።

"ጓድ፣ ከውስጥ ሕፃን ያለቅሳል እኮ።"

ጋሪው ቆመ። ከዚያ ሊቀመንበሩ "ማነው እዚያ?" አለ።

እትዬ መዲና ዓይን ዓይኔን አዩ፤ በእኔ ፈንታ ግን አልመለሱም። ግድግዳውን ይዤ በሩ ድረስ ሄድኩ። "አለሁ" አልኩ። "ሰው አለ። ዘሀራ ነኝ፣ የሰይድ ሚስት። ቤቱን ገዝተን ነው የገባነው፤ ውሉ እዚህ አለ።"

"ከታሸገ በኋላ በየት ገባሽ?"

አሁን እትዬ መዲና አላስቻላቸውም። "እሷ የትም አልሄደችም። እናንተ ናችሁ ነፍሰ ጡር ከነሆዷ ያሸጋችሁ። እሽጋችሁ ሳይነካ ልጅ ተወልዶበታል፤ እዩት።"

ከዚያ ወረቀቱ ሲቀደድ ሰማሁ። ራሱ ሊቀመንበሩ ነው የቀደደው። ውሉን አየ፣ ልጄን አየ፣ ደብተሩን አወጣ። "ስንት ሰው ነው ያለበት?" አለኝ። "ሦስት" አልኩ። ልጄ ስም ሳይወጣላት ቀበሌ ተመዘገበች። ሰይድ በማግሥቱ መጥቶ ሁሉን ሲሰማ በሩ ሥር ቁጭ ብሎ ቀረ።

ይህን ታሪክ ለልጆቼ ስነግር እዚህ ላይ ነው የማቆመው። ይስቃሉ፤ ደስ ይላቸዋል። ያልነገርኳቸው አለ። በሩ ሲከፈት በሊቀመንበሩ ትከሻ አሻግሬ ጋሪውን አየሁት። የተጠቀለለ ፍራሽና ጀሪካን ተጭኖበታል። አጠገቡ ከእኔ የማትበልጥ ሴት ቆማለች፤ ሆዷ የትናንቱን ሆዴን ያህላል። በሁለት እጇ ይዛዋለች። ዓይን ለዓይን ተያየን። እሷም አልተናገረችም። ባሏ ጋሪውን አዞረውና በጉሙ ውስጥ ቁልቁል ሄዱ። የት እንደገቡ ጠይቄ አላውቅም፤ ቤቱ እንዳይነጠቅብኝ ፈራሁ መሰለኝ።

ባለፈው ሳምንት የልጄን በር ያንኳኳችው ጎረቤት ነበረች፤ ዳቦ ይዛ ነው የመጣችው። እኔ ግን አለን ብዬ ከጮህኩ በኋላ ተነሥቼ በሩን የከፈትኩት ራሴ ነኝ። ሁልጊዜም እንዲህ ነኝ። ድምፄ ቤቱ የእኛ ነው ይላል፤ እግሬ ደግሞ ያቺ ሴት ትሆን እንደሆነ ሊያይ ይሄዳል።