ከምሥራቅ የተጀመረው ጣራ

ዳኜ ቅናተኛ የሚባል ሰው አልነበረም። የጎረቤት በሬ ሲሰባ ዓይኑ አልቀላም፤ የሰው ገብስ ሲያምር አጥር ተደግፎ አልተከዘም፤ ሚስቱ ጥሩሸዋ ገበያ ውላ ብታመሽ ከማን ጋር ነበርሽ ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖረና፣ ሰው የልጅ ልጁን አቅፎ በሚረጋጋበት ዕድሜ ቀና። ያውም በምን? በጣራ።

ጣራው ግን የማንም ጣራ አልነበረም። ከጓሳው የሣር ምድር አፋፍ ላይ የተቀመጠችው የጥድ አምባ ማርያም ጣራ ነው። ዳኜ ሙያውን ከአባቱ ተቀብሎ ሠላሳ ዓመት ከድኗታል። የጓሳው ሣር እንዳይታጨድ የተጣለው ክልከላ ተነሥቶ አገሩ ማጭዱን ይዞ ሲወጣ፣ መጀመሪያ የሚታጨደው ሣር የማርያም ነው፤ ያንን ሣር መርጦ፣ አበጥሮ፣ ጠንካራውን አገዳ ከገለባው ለይቶ ጣራ ላይ የሚያሳርፈው ደግሞ ዳኜ ነው። የምሥራቁን ፊት ሁልጊዜ ድርብ ይከድነዋል። በዚያ አገር ኃይለኛው ዝናብ ከላይ አይወርድም፤ ከቆላው ገደል ሥር ጉሙን አስቀድሞ ይነሣና በምሥራቅ በኩል አግድም ይመታል። ይህን አባቱ ነግሮታል፤ ክረምት በገባ ቁጥር የሚመታው የገዛ ትከሻውም ነግሮታል።

ለዚህ ሥራው የተሰጠው አንድ ነገር ነበር። ግንቦት ሃያ አንድ፣ ማርያም ስትነግሥ፣ በደጀ ሰላሙ ከካህናቱ ቀጥሎ ያለው መቀመጫ «የከዳኝ ቦታ» ይባላል። ጸበል ጸዲቁ ተባርኮ ሲዞር የመጀመሪያው የጠላ ዋንጫ ከካህናቱ በኋላ እሱ እጅ ላይ ያርፋል። ባለጸጋ ቢመጣ፣ የወረዳ ሹም ቢመጣ ያቺን ቦታ አይነካትም። ዳኜ ዓመቱን ሙሉ ተራ ገበሬ ነው፤ በዚያች ቀን ግን ሰው ነው።

ታዲያ በ1999 ዓ.ም. ሚሊኒየሙ ደረሰ ተብሎ ሬዲዮው ሌላ ወሬ ባጣበት ዓመት፣ አዲስ አበባ የሚኖሩ የደብሩ ተወላጆች ቆርቆሮ ላኩ። ባለ ስድስት ሜትር፣ ረጃጅም፣ ፊት የሚያሳይ ቆርቆሮ። መኪናው ከዋናው መንገድ ማለፍ ስላልቻለ ወጣቱ አንዱን ለአራት እየተሸከመ፣ ነፋሱ እያንገዳገደው፣ እልል እየተባለ ወጣ። የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ኪዳነ ወልድ «አዲሱን ሺህ ዓመት በአዲስ ጣራ እንቀበለዋለን» ሲሉ ሕዝቡ አጨበጨበ። ዳኜም አጨበጨበ። እጁ ያጨበጭብ እንጂ ዓይኑ የሣር ጣራው ላይ ነበር።

ሠሪው ከዓለም ከተማ ተፈልጎ መጣ። አንዷለም ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ዳኜ ይህ ሰው ባለጌ እንዲሆን፣ ሰካራም እንዲሆን፣ ቢያንስ አፉ የማያርፍ እንዲሆን ተመኝቶ ነበር። አንዱንም አልሆነም። ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሽማግሌ ሲያይ ከመሰላል ወርዶ እጅ የሚነሣ፣ ጾሙን የሚጾም ልጅ ሆኖ ተገኘ። ይህ ዳኜን ይበልጥ አናደደው። የሚጠላበት ሰበብ የማይሰጥ ሰው መጥላት እንዴት ያደክማል!

ሰበብ ፍለጋ ግን አላረፈም። ጠዋት ማታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይመላለሳል፤ ማገሩ ተጣሞ እንደሆነ ያያል፣ ምስማር ባክኖ እንደሆነ ያያል። አንዷለም ለረዳት ወጣቶቹ «ቆርቆሮ ራሱ አያፈስም፤ የሚያፈሰው መጋጠሚያው ነው» ሲል ሰማው። «ምስማር ከጉብታው ላይ ነው የሚመታው፤ ውኃው የሚሄደው በጎድጓዳው ነዋ! ጎን ለጎን ሲጋጠም ሁለት ጉብታ ይደረባል፤ ከላይና ከታች ሲገጥም ክንድ ያህል።» ዳኜ ይህን ሰምቶ ጥርሱን ነከሰ። ልክ ነበር። ሣርም እንደዚያው ነው፤ የሚከዳው ነዶና ነዶ የሚገናኝበት ነው። ልጁ የሱን ሙያ በብረት ቋንቋ ይናገረዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሲገባ ደግሞ አንዷለምን ከምድጃው አጠገብ አገኘው። ጥሩሸዋ ጠርታው ነው። በዳኜ ዋንጫ፣ በዚያች አፏ ትንሽ በተሸረፈችው የቀንድ ዋንጫ፣ ጠላ ቀድታለታለች።

«እጁ ይባረክ እቴ» አለች ልጁ ከሄደ በኋላ። «ከእንግዲህ በየዓመቱ ሣር ተሸክመህ ወገብህን ከመቁረጥ ተገላገልክ።»

«ተገላገልኩ» አለ ዳኜ። ዋንጫውን ወስዶ ሦስት ጊዜ አጠበው።

ማገሩ አልቆ ቆርቆሮው ሊመታ በተነሣበት ጠዋት አንዷለም በምዕራብ በኩል መሰላሉን አቆመ። አባ ኪዳነ ወልድ፣ ሽማግሌዎቹና ዳኜ ተሰብስበው ነበር። ልጁ ሥራውን ሳይጀምር ወደ ዳኜ መጣና ባርኔጣውን አወለቀ።

«አባቴ፣ ይህን ጣራ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት አሉኝ። አንዱ ቆርቆሮ በሌላው ላይ ሲደረብ ከላይ የዋለው ጠርዝ ለነፋሱ ጀርባውን መስጠት አለበት። ለነፋሱ አፉን ከከፈተ ዝናቡን በመጋጠሚያው ይጠጣዋል። ስለዚህ የምንጀምረው ነፋሱ ከሚሄድበት ዳር ነው። እዚህ አገር ክረምቱ የሚመታው ከየት በኩል ነው?»

ዳኜ መልሱን ያውቅ ነበር። ስሙን የሚያውቀውን ያህል ያውቅ ነበር። ከምሥራቅ ነው፣ ከምዕራብ ጀምር ቢል ነገሩ አለቀ። ግን ልጁ ያን ያህል ሰው ከቦት፣ ያን ያህል ተማምኖ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ሲጠይቀው፣ የዋንጫዋ ነገር ትዝ አለው።

«የሚበረታው ከምዕራብ ነው» አለ። ድምፁ ረጋ ያለ ነበር፤ ራሱም ገረመው። «ደሞስ ነፋሱ ከየትም ይምጣ፣ የማርያም ጣራ ከደጁ ተጀምሮ መቅደሱ መጨረሻ ይሆናል? ጸሎት ወደ ምሥራቅ፣ መቅደስ በምሥራቅ! እኛ እግዜርን ከኋላ አናስከትልም።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አባ ኪዳነ ወልድም «እውነት ነው፣ ምሥራቁ ይቅደም፤ መልካም አሰብክ ዳኜ» አሉ። አንዷለም ዙሪያውን አየ፤ በቅጥሩ ዙሪያ የቆሙትን ጥዶች አንድ በአንድ አየ። ከዚያ «እሺ፣ እርስዎ ካሉ» ብሎ መሰላሉን ተሸክሞ ወደ ምሥራቅ ዞረ።

ጣራው በግንቦት አጋማሽ አለቀ። ማርያም በነገሠች ዕለት ዳኜ ነጠላውን አጣፍቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ደጀ ሰላሙ ሲገባ አንዷለም በከዳኝ ቦታ ተቀምጦ ነበር። አባ ኪዳነ ወልድ እጁን ይዘው አስቀምጠውት ነው። ልጁ ዳኜን ሲያይ ሊነሣ ብድግ አለ፤ ሕዝቡ «ተቀመጥ! ተቀመጥ!» ብሎ ትከሻውን ይዞ መለሰው። ዳኜ ከበሩ አጠገብ፣ ከሚገባና ከሚወጣው እግር ሥር ተቀመጠ። ዋንጫው እሱ ዘንድ ሲደርስ አተላ ነበር። ቅናት ቁስል ቢሆን ኖሮ በዚያ ቀን ሰው ሁሉ ደሙን ያየው ነበር።

ሰኔ ገባ፤ ዝናቡ ቀጥ ብሎ ወረደ፤ ጣራው ጠብ አላለም። ሐምሌም እንደዚያው። ሰው ሁሉ «ምን ዓይነት እጅ ነው!» ይላል። ዳኜ ሌሊቱን በሰላም ያድራል፤ ጠዋት ጠዋት ግን ደጁ ላይ ቆሞ ወደ ገደሉ ያያል። ነፋስ ይመኛል። ተመኝቶም ያማትባል፤ አማትቦም ይመኛል።

በፍልሰታ በሦስተኛው ቀን መጣለት። ከቀትር በኋላ፣ ሕዝቡ ጾሙን ይዞ ቅዳሴ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ግቢውን ዋጠው፤ ከኋላው ነፋሱ ዝናቡን አግድም እየነዳ መጣ። መጀመሪያ አንድ ጠብታ። ከዚያ በመጋጠሚያዎቹ ሁሉ፣ በረድፍ በረድፍ፣ ሰው በገመድ የለካው ይመስል ተንጠባጠበ። ሴቶች ልጆቻቸውን ወደ ግድግዳ አስጠጉ። አባ ኪዳነ ወልድ ተአምረ ማርያምን ዘርግተው ያነቡ ነበር፤ ጠብታው ከብራናው ላይ አረፈና የእመቤታችን ስም የተጻፈበት ቀይ ቀለም ፈሰሰ። አባ በእጅጌያቸው ሊያደርቁት ሲሉ ይብስ ተሰራጨ።

ዳኜ ደስ አለው። መዋሸት አያስፈልግም፤ ደስ አለው። ሙቀት ከደረቱ ተነሥቶ እስከ ጆሮው ወጣ። ያን ቀይ ቀለም ባያይ ኖሮ ደስታው ይቆይለት ነበር።

«ያ የዓለም ከተማ አጭበርባሪ!» ተባለ ቅዳሴው እንዳለቀ። «ጉድ ሠራን! ምነው ዳኜን ባልተውነው!» ሽማግሌዎቹ ከበቡት፤ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት፤ ለሚቀጥለው ዓመት ሣሩ እንዲታሰብ ተነጋገሩ። የፈለገው ሁሉ በአንድ ቀን ተመለሰለት። ማታ ጥሩሸዋ ዋንጫውን ሞልታ ብትሰጠው ግን አልወረደለትም።

አንዷለም ተልኮበት መጣ። በነሐሴ ጭቃ አውቶቡሱ ቆሞ ስለነበር ከመንገዱ አብዛኛውን በእግሩ ነው የመጣው፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። ሕዝቡ በቅጥሩ ውስጥ ተሰብስቦ የአፉን ሁሉ አወረደበት። ሌባ አለው። ቤተ ክርስቲያን የደፈረ አለው። ልጁ ጣራው ላይ ወጥቶ መጋጠሚያዎቹን አየ፤ ወርዶም ከአባ ኪዳነ ወልድ ፊት ቆመ።

«የተደረበው ጠርዝ አፉን ለነፋሱ ከፍቷል። አጀማመሩን ተሳስቻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ነቅዬ እንደገና እመታዋለሁ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ዳኜ ስሙ ይጠራል ብሎ ይጠብቅ ነበር። አልተጠራም። ልጁ ለጊዜው መጋጠሚያውን በሬንጅ ሊደፍን ብቻውን መሰላሉን ሲያነሣ ተከተለው።

«ለምን ስሜን አላነሣህም?»

አንዷለም ዞር አለ። «ምን ብዬ? ያኔ ጥዶቹን አይቻለሁ፤ ሁሉም ወደ ምዕራብ አዘንብለዋል። ነፋሱ ከምሥራቅ እንደሆነ ጠርጥሬ ነበር። ግን ይህን ጣራ ሠላሳ ዓመት የከደነ ሰው ከዛፍ ይበልጣል ብዬ የእርስዎን ቃል ያዝኩ። ሰው ይሳሳታል፣ አባቴ። የተሳሳተ ሽማግሌ ስም በአደባባይ አይነሣም።»

ዳኜ ወራት ሙሉ ማንም አያከብረኝም ብሎ ሲቃጠል፣ በዚያ ግቢ ውስጥ ከገዛ ዓይኑ አብልጦ ያመነው ሰው ይህ ልጅ ነበር። የተሳሳተ ሽማግሌ ሆኖ መቅረት ይችል ነበር፤ ልጁ ራሱ መሸሸጊያውን ሠርቶ ሰጥቶታል። እግሩ ግን ወደ ሕዝቡ ወሰደው።

«አልተሳሳትኩም» አለ ጮክ ብሎ። ሊበተን የተነሣው ሰው ቆመ። «ነፋሱ ከምሥራቅ እንደሆነ ከሕፃንነቴ አውቃለሁ። ልጁ ጠይቆኝ ነበር፤ ዋሸሁት። ቀንቼ ነው። በቦታዬ ቀንቼ!» ወደ አባ ኪዳነ ወልድ ዞረ። «የማርያምን መጽሐፍ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ አባ።»

አባ ኪዳነ ወልድ መስቀላቸውን እንደያዙ አቀረቀሩ፤ ምሥራቁ ይቅደም ያሉት እሳቸውም ነበሩና። ዳኜ ያየው ግን እሳቸውን አልነበረም። መሰላሉን ተደግፎ የቆመውን ልጅ ነበር። ሲሰደብ ሁሉ ያልተለወጠው የአንዷለም ፊት አሁን ተለወጠ፤ የሬንጁን ጣሳ አንሥቶ ጣራው ላይ ወጣ።

በጥቅምት ሰማዩ ጠራ፤ ቆርቆሮው አንድ በአንድ ተነቀለ። አባ ኪዳነ ወልድ ለዳኜ የሰጡት ንስሐ ጾምና ስግደት ብቻ አልነበረም፤ ጣራው ተመትቶ እስኪያልቅ ድረስ የአንዷለም ረዳት እንዲሆን አዘዙት። በመጀመሪያው ጠዋት ሰው ሁሉ ቆሞ ሳለ አንዷለም ከመሰላሉ ሥር ሆኖ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠየቀ።

«ነፋሱ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከምሥራቅ» አለ ዳኜ።

«ከየት እንጀምር?»

«ከምዕራብ።»

«እንግዲያው ያንን ጫፍ ይያዙ።»

ዳኜ ያዘ። ዘጠኝ ቀን ያዘ። ቆርቆሮ ሲቀበል፣ ምስማር ሲያቀብል፣ የተደረበውን ጠርዝ በመዳፉ እየዳሰሰ አፉ ወደ ምዕራብ መሆኑን ሲያረጋግጥ ዋለ። ልጁ በትሕትና ያዘዋል፤ ይያዙ ይለዋል፣ ያቀብሉ ይለዋል፣ ይረፉ ይለዋል።

በመጨረሻው ቀን፣ ከመቅደሱ በላይ ያለው ቆርቆሮ ሲመታ፣ በጎ ዘር የሚባል አንድ ደካማ ሽማግሌ በመንገድ ሲያልፍ ቆሞ ሥራውን መረቀ። አንዷለም ከላይ ሆኖ ባርኔጣውን አወለቀና «አሜን፣ አባቴ» አለው።

ዳኜ የቆርቆሮውን ጫፍ እንደያዘ ቀና ብሎ ልጁን አየ። በነዚያ ዘጠኝ ቀኖች አንዴም አባቴ አላለውም ነበር። ያን ምንም ሙያ የሌለውን፣ መንገደኛውን ሽማግሌ ከኋላው እያየ፣ ከጥንቱ በባሰ ቀና።