የምስር እርሻው ጠባቂ

ምስር ጣሊያኖች አሎሮ ከሚሉት የወጥ ቅጠል ጋር ሲፈላ ከሸተተኝ፣ ዛሬም ቢሆን ዓይኔ ወደ በሩ ይሄዳል። ተቆልፎ እንደሆነ ለማየት።

ያኔ ጣሊያን አገር፣ ኤስኲሊኖ በሚባል ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት አሮጊት ሲኞራ አስታምም ነበር። ልጃቸው ወደ ሥራ ስትሄድ እናቷ ወጥተው እንዳይጠፉ ብላ በሩን ከውጭ ትቆልፍብን ነበር። መጀመሪያ ቁልፉ ሲዞር እሰማለሁ፤ ከዚያ አሳንሰሩን፤ ከዚያ ከታች ትራሙን። ፀሐይ የምናየው ከሰዓት በኋላ፣ በግቢው በኩል፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር።

አርግዤ ነበር። የልጁ አባት ወደ ጀርመን ተሻግሮ ድምፁ ጠፍቷል። ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ የተንጠለጠለው በዚያ ሥራ ላይ፣ መኝታዬም እዚያው ቤት ነው። የሽርጤን ማሰሪያ እያላላሁ፣ እየጸለይኩ፣ ዝም አልኩ።

ዐቢይ ጾም ነበርና አንድ ቀን ማዕድ ቤት ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። ሲኞራ አጠገቤ ነበሩ።

«እሺ፣ ዛሬ ከመጽሐፍሽ ምን አነበብሽ?» አሉኝ።

በተሰባበረ ጣሊያንኛዬ የሣማን ነገር ነገርኳቸው። ከንጉሥ ዳዊት ወታደሮች አንዱ ነው፤ ስሙን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው። ጠላት ምስር በሞላበት እርሻ ላይ ሲመጣ ሕዝቡ ሁሉ ሸሸ። እሱ ግን መሐሉ ላይ ቆመ፤ እግዚአብሔርም ረዳው።

«ለምስር!» ብለው ሳቁ። «ሞኝ ነው እንዴ? ለምን አልሮጠም?»

«እርሻው መሮጥ አይችልማ፣ ሲኞራ።»

ሳቃቸው ቆመ። ሆዴን አዩት።

«ስንት ወርሽ ነው?»

አለቀስኩ። እሳቸው ሳህኑን ወደ ራሳቸው ስበው መልቀም ጀመሩ። ዓይናቸው ደካማ ስለነበር ጠጠሩን ትተው ምስሩን ይጥሉ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ልጃቸው አወቀች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ደክሟት ነበር።

«እኔ የፈለግኩት እናቴን የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ሌላ የሚጠበቅ አይደለም። ቅዳሜ ትወጫለሽ» አለችኝ።

ከምድጃው ጋር ተጣብቄ ቀረሁ። በሩ ያን ሰዓት ክፍት ነበር፤ የምሄድበት ግን አልነበረኝም።

ኮሪደሩ ላይ የሲኞራ የብረት ድጋፍ ሲንኳኳ ሰማን። እኔ ሳልደግፋቸው ተነስተው አያውቁም። መጥተው በእኔና በልጃቸው መካከል ቆሙ።

«ይህ የኔ ምስር ነው» አሉ።

«ማማ፣ የምን ምስር?»

«እሷ የትም አትሄድም። ልጇም የትም አይሄድም።»

ልጃቸው ያለ ደጋፊ የቆሙትን እናቷን ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው። በመጨረሻ «ቫ ቤኔ፣ ይሁን ማማ» አለችና ቦርሳዋን አነሳች። ስትወጣ ቁልፉ አልዞረም።

ሲኞራ ግን መቀመጥ አቃታቸው። እጃቸው ብረቱን ጨብጦ አልለቅም አለ። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አላቀቅኩላቸው።

ልጄ ዳዴ ያለው እዚያ ኮሪደር ላይ ነው። ተመስገን፣ ዛሬ ከኔ በላይ ረዝሟል፤ ምስር ግን አይወድም።

ሲኞራ ያረፉት እሱ መሮጥ በጀመረበት ሰሞን ነው። እጄን እንደያዙ አሸለቡ። ከወጥ ቤት የልጄ እግር ድምፅ ይሰማል። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረብኝ። አልቸኮልኩም።