አማቴ ድመት የሆኑበት ምሽት

ከደብረ ማርቆስ በወጣንበት ምሽት ጣሊያኖቹ ገበያው ሜዳ ላይ ነጭ ሸራ ወጥረው ሲኒማ ያሳዩ ነበር። እኔ «ወንድምህ ጫካ ገብቷል» ተብዬ በማግስቱ እንድቀርብ ታዝዣለሁ፤ ከኔ በፊት የቀረበ ሲመለስ አላየንም። ስለዚህ ሕዝቡ ሸራው ላይ አፍጦ ሳለ ልንጠፋ ተማከርን። ባለቤቴ ዘነበች በቅሎዋን ይዛ ቀድማ ወንዝ ወርዳለች። የቀረኝ አማቴን እማማ ትርንጎን ይዤ መከተል ነው።

እሳቸው ግን አልነሣም አሉ። ሸራው ላይ በሥዕል የተሠራ አንድ ድመት ወፍ ያሳድዳል። ወንበር በወንበር ላይ ደርድሮ ይወጣል፤ ወፏ አፍንጫውን በመንቁሯ ትወጋዋለች፤ ወድቆ እንደ ቂጣ ይጠፈጠፋል፤ ተነሥቶ ደግሞ ይወጣል።

«እማማ፣ እንሂድ።»

«ቆይ አንተ፣ ሊይዛት ነው።»

«እኛንም ሊይዙን ነው» አልኳቸው በጆሯቸው። ያኔ ተነሡ።

ሜዳው ጫፍ ላይ አንድ ጣሊያን ዘበኛ ጠመንጃውን አግድም ይዞ አስቆመን። ቋንቋውን አላውቅም። እማማ ትርንጎ ነጠላቸውን ታጠቁ፤ ወደ ሸራው ጠቆሙና አየሩን በጥፍራቸው ቧጥጠው ሣሩ ላይ ዘፍ አሉ። ዘበኛው ሳቀ። ተነሥተው ደገሙለት። እንባውን እየጠረገ በእጁ «እለፉ» አለን። ልጃቸውን ሲድሩልኝ እንኳ ፈገግ ያላሉ ሴት ናቸው እኮ፣ እናንተዬ።

ከስንት ቀን መንገድ በኋላ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገባን። ስደተኛ የሚመዘግበው ጸሐፊ አመጣጣችንን ሰምቶ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«ዘበኛውን እንዴት አለፋችሁት?»

«አማቴ ድመት ሆነው።»

«ታዲያ ሥራቸውን ድመት ብዬ ልጻፍ?»

«ገበሬ ናት በለው» አሉ እማማ፣ አስተርጓሚውን ገላምጠው።

እዚህ ሙቀቱ ጠላ ሳይጠጡ ያሰክራል። ኪስራ የሚሉት እንጀራቸው ከመሳሳቱ የተነሣ እማማ ወደ ፀሐይ አንሥተው አሻግረው ያዩበታል። ቤት ያከራየንን ሽማግሌ በለመድኳት ዓረብኛ «ቤቱ መስኮት የለውም» ስለው «የውጩ ሙቀት አንሶህ ነው?» አለኝ። ግን ደኅና ነን። አመሻሹ ላይ ጎረቤት ይሰበሰብና እማማን «ድመቱን ያሳዩን» ይላቸዋል፤ እሳቸውም አይለግሙም።

ባለፈው ሳምንት ማሳችንን የሚያውቅ አንድ ነጋዴ ከደምበጫ መጣ። እማማ ስለ ጦርነቱ አልጠየቁትም።

«በኛ ማሳ በኩል አልፈሃል?»

«አልፌያለሁ፣ እማማ።»

«ጭቃ ነው?»

«እስከ ጉልበት።»

«እሰይ፣ ዘንቦለታል» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወደ ቤት ገቡ፤ ራት ሲቀርብም አልወጡም። ዘነበች ልትጠራቸው ስትነሣ እጇን ያዝኳት።